የጀልባዋ ቀሚስ

ዋይት ደሴት፣ እንግሊዝ አገር፣ ኅዳር ፲፱፻፶፱

ወንድሜና አብሮ አደጌ አበረ፣

በዚህ ፖስት ካርድ ላይ የምታያት ጀልባ ከባሕሩ ከፍ ብላ በአየር ላይ ትሄዳለች። አየሩን የሚይዝላት እንደ ፈረስ ግላስ ዙሪያዋን የተንጠለጠለ የጎማ ቀሚስ ነው። ባሕሩ ጠርዙን ይበላዋል፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኬ እሰፋዋለሁ። ዛሬ አለቃዬ ስፌቴን አገላብጦ አይቶ «ማን አስተማረህ?» አለኝ። በአባቴ ኮርቻ ሰፊነት አፍሬ፣ «እኔስ መሐንዲስ እሆናለሁ» ብዬ ካገራችን ከቆሰበር መውጣቴን ታውቃለህ። «አባቴ» አልኩት፤ ደስ አለኝ። ማደሪያዬ ስገባ ግን አባቴ ማረፉን የምትነግረኝ ደብዳቤህ ጠበቀኝ። መርዶ በወረቀት ሲመጣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው አይመጣም። እናቴን አጽናናልኝ፤ ባለቤትህን የሻረግንና ልጆቹን ሳምልኝ። የአባቴን ወስፌ ለማንም እንዳትሰጡብኝ።

ክንዴ