ሙዐዊያ የሌለበት ቃለ ጉባኤ

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለእንዳለ አንለይ
ጁባ

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? ባለቤትህ ኢልሊስ? ልጆቹስ? የጁባ ሙቀት ቀለል አለላችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። እማዬ ዓይኗ ደከም ከማለቱ በቀር ደህና ናት። ዝናቡ ገብቷል፤ የባምባሲው ማሳም ታርሷል።

ባለፈው ስትደውል ከጓደኛህ ጋር ትንሽ የጭነት ኩባንያ ልታቋቁሙ መሆኑን ነግረኸኝ፣ "አንቺ ስድስት ዓመት አስተዳድረሻል፤ እንዴት እንደሚያዝ ንገሪኝ" ስትለኝ ዝም ያልኩህ እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ነው። አሁን ወደ ጁባ የሚመለስ ነጋዴ ስላገኘሁ ሁሉንም በዝርዝር ጽፌልሃለሁ። የጠየቅኸው ምክር ነበር፤ የምልክልህ ግን የሆነውን ነው።

ሙዐዊያን ታስታውሰዋለህ፤ ቀርከሃን በእጁ ደባብሶ ዕድሜውን የሚናገረው የበርታው ሰው። የወንበርና የአልጋ ማምረቻውን ስናቋቁም እሱ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ እኔ ገበያውንና ዘጠኙን ሴት ሠራተኞች ያዝኩ። መመሥረቻ ጽሑፉን ጠበቃ አዘጋጀልን። ሁለታችንም ፈረምንበት፤ ሁለታችንም አላነበብነውም። በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ በኋላ አልነካሁትም።

አምና በረመዳን ሙዐዊያ ሦስት ቀን ታሞ ሞተ። ሁለት ልጆችና ሚስቱ ዘምዘም ቀሩ። እኔ ሐዘኑ ይበቃናል ብዬ አስቤ ነበር። ሥራው እንደድሮው የሚቀጥል መስሎኝ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ሸርቆሌ አካባቢ ክሊኒክ የሚያሠራ አንድ የተራድኦ ድርጅት ለታካሚዎች አግዳሚ ወንበርና መከለያ እንድንሠራለት ጠየቀን። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ አግኝተን አናውቅም። ሴቶቹ እልል አሉ። ውሉን ልፈርም ስቀርብ "የሥራ አስኪያጁ ፊርማ የታለ?" ተባልኩ።

ድርጅቱን ያስመዘገብንበት ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው አዲስ ሥራ አስኪያጅ የተመረጠበት ቃለ ጉባኤ አምጪ አለኝ። "ከማን ጋር ተሰብስቤ? የነበርነው ሁለት ነን፤ አንዱ ሞቷል" ስለው ቀና ብሎ አየኝና "እሱን አማካሪ ጠይቂ" አለኝ። የት እንደሚገኝ ብጠይቀው አያውቅም። ወደ ሌላ ክፍል ላኩኝ፤ እዚያ ያሉት መልሰው ወደ እሱ ላኩኝ። ስለ አነስተኛ ድርጅት አስተዳደር የሦስት ቀን ሥልጠና አለ ሲባል ሰምቼ በደስታ ተመዘገብኩ። አሠልጣኙ ዓይናችንን ጨፍነን ድርጅታችንን ከአሥር ዓመት በኋላ እንድናየው አደረገን። እጄን አውጥቼ "አንዱ ባለድርሻ ቢሞት ቃለ ጉባኤ እንዴት ይያዛል?" አልኩት። "ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሻይ ሰዓት እንነጋገራለን" አለኝ። በሻይ ሰዓት ስፈልገው አጣሁት። የምስክር ወረቀቱን ግን ሰጡኝ፤ ስሜም በትክክል ተጽፏል።

የውሉ መፈረሚያ ቀን እየቀረበ ሲመጣ ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ወደ አንዱ ሄድኩ። "ቀላል ነው፤ ሚስትየው ድርሻውን ላንቺ አስተላልፌያለሁ ብላ ትፈርም፤ ብቻሽን ከሆንሽ ስብሰባ አያስፈልግሽም" ብሎ ጻፈልኝ። ወንድም ጋሼ፣ አላነበብኩትም ብዬ አልዋሽህም። ይህን አንብቤዋለሁ። "አስተላልፌያለሁ" የሚለውን ቃል አይቼ፣ ለጊዜው ነው፣ ሥራው ከተጀመረ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ለዘምዘም "ሥራው እንዳይቆም ነው" አልኳት። ይህ ብቻ ነው የነገርኳት። አማርኛዋን ታውቃለህ፤ "አንተ ካልክ ጥሩ ነው። ሙዐዊያ አንተን እህቴ ይላል" አለችና ጣቷን በቀለም ነክራ አተመችልኝ።

ወረቀቱ ለምንም አልሆነም። ልጆቹም ወራሾች ስለሆኑ እናት ብቻዋን ልታስተላልፍ አትችልም ብለው መለሱልኝ። ለዘምዘም የተውኩላት ቅጂ ግን ወንድሟ ሻዕባን እጅ ገባ። ሻዕባን ፊደል የቆጠረ ሰው ነው። ማምረቻው ድረስ መጣ። አልጮኸም። ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ፣ "ወረቀቱ የልጆቹ አባት ድርሻ ለሰገነት ተላልፏል ይላል። አንዱ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አንዷ ዘጠኝ። መቼ ነው የሰጡሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። የክሊኒኩንም ሥራ ሌሎች ወሰዱት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚያውቅ ሰው ያገኘሁት። ኦልጅራ ይባላሉ፤ ባምባሲ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሲያደራጁ ኖረው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። መጀመሪያ ያሉኝ "መመሥረቻ ጽሑፉን አምጪው" ነው። በረንዳቸው ላይ ሆነው ከአንድ እስከ መጨረሻው አንቀጽ ጮክ ብለው አነበቡልኝ። ወራሽነት በፍርድ ቤት ይረጋገጣል፤ ዘምዘም ልጆቹን ወክላ ትቀመጣለች፤ አጀንዳ ይያዛል፤ የተስማማንበት ይጻፋል፤ ሁለታችን እንፈርማለን፤ ቃለ ጉባኤው ይረጋገጣል። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። እኔ ዓመት ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት እዚያው ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነበር። እንባዬ መጣ። እሳቸውም ወረቀቱን አጥፈው እየመለሱልኝ "ልጄ፣ በመጀመሪያው ወር ብትመጪ ኖሮ የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር" አሉኝ።

እሳቸውን ይዤ ዘምዘም ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኋት። አቶ ኦልጅራ እያንዳንዱን ነገር አስረዱ፤ ሻዕባን ወደ በርታ ቋንቋ መለሰላት። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና "ሙዐዊያ ሲኖር እኛ ወረቀት የለም። ሙዐዊያ ሲሞት አንተ ወረቀት አመጣህ። እኔ ከዛሬ በኋላ አይፈርምም" አለች። አልተቆጣችም። ተነስታ በሩን ከፈተችልን።

አልፈርድባትም። ሴቶቹን አሰናበትኩ፤ ማምረቻውን ቆለፍኩ። እንግዲያው ድርጅቱን ልዝጋ ብዬ ቢሮ ስሄድ፣ ለመዝጋትም የባለድርሻዎች ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል አሉኝ። ስለዚህ አይሠራም፣ አይዘጋም። በስሜ እንዳለ ይኖራል።

አንተ ምክር ብለሃልና፣ ካየሁት የምሰጥህ ይህን ብቻ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የጓደኛህ ሚስትም፣ ኢልሊም ቁጭ ብለው በሚገባቸው ቋንቋ ይስሙት። ከሁለት አንዳችሁ ብትሞቱ ምን እንደሚሆን በሕይወት ሳላችሁ ተነጋገሩ። ማሟረት ነው ብላችሁ አትለፉት። ለእኔ ግን ከእንግዲህ የሚጠቅመኝ አይደለም።

ኢልሊን ሳምልኝ፤ ያቺ ትንሿ ቃናኒ ጥርስ አወጣች ወይ? ጉዲናን በርታ በትምህርትህ በልልኝ። ጓደኛህንም ሳላውቀው ሰላም ብላሃለች በለው። ከዚህ ቤት እህታችን ሕብረትና ባለቤቷ ናፍቀንሃል ይላሉ። እማዬ ግንባርህን ትስማለች። እሷ መዘጋቱን አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ምሳዬን ቋጥራ ትሰጠኛለች፤ እኔም ይዤ እወጣለሁ፤ የተቆለፈው በር ላይ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀምጬ እመለሳለሁ። ስትደውል፣ እባክህ፣ ሥራ እንዴት ነው ብለህ አትጠይቀኝ።

እህትህ ሰገነት አንለይ
አሶሳ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.