ከኋላ ሆነው ሲጠሩት

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ቦንጋ ጭቃ ብቻ። አዲሱ ጫማዬ ቢሮ ሲደርስ አሮጌ ሆኖ ነበር። ኢንተርኔቱ ግን ዛሬ ቸር ዋለ... ከውጭ ድርጅቶች ድረ ገጽ የምንፈልገውን ሁሉ አወረድኩ። የሕፃናት እድገት፣ ጤና፣ ጨዋታ፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን መመሪያ። ሁለት መቶ አሥር ገጽ፣ በእንግሊዝኛ! አለቃዬ ጋሽ ኢሳያስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ "አብርሆት፣ ከዚህ ውስጥ ለእናቶች አንድ ካርድ አውጪልኝ። አንድ ገጽ። ሁለት ገጽ ማንም አያነብም" አሉኝ።

ሁለት መቶ አሥሩን አንድ... እሺ ጋሼ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ እንዲህ ይላል፦ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የእናቱን ድምፅ ይፈልጋል፤ በየቀኑ ያውሩት፣ እሹሩሩ ይበሉት። ተረጎምኩት። ተነሥቼ ሻይ ጠጣሁ። የእኔዋ ሶሲ ሦስት ዓመት ከሁለት ወሯ ነው፤ ቢታ ገነት እናቴ ጋ ናት። እኔ ደግሞ እዚህ ተቀምጬ ለሰው እናቶች ምክር እጽፋለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች... ስለ እኔ ነው ለካ የተባለው።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ደወልኩ። እማዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አስጠጋችላት። "ሶሲዬ... እኔ ነኝ... ሶሲዬ..." ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ ስልኩ ወደቀ። ዶሮ ጮኸ። ሮጣ ሄዳለች።

"አኩርፋሻለች" አለችኝ እማዬ። "ሁለት ወር ሙሉ ብቅ ሳትዪ!"

ትቻት ስመጣ ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር። አባቷ ጅማ ሌላ ትዳር ይዟል፤ እሱ ይቅር። አንዲት ክፍል የኪራይ ቤት፣ ግማሹን ሳምንት መስክ... ማን ይይዝልኛል? "ሥራው ሲደላደል አመጣታለሁ" ብዬ ነበር። ሥራ መቼ ተደላድሎ ያውቃል?

ናፈቀችኝ። አንገቷ ሥር የሚያቸፈችፈው ላብ እንኳን ናፈቀኝ።

እማዬ ስትዘጋ፣ "ጆሮዋ ትንሽ ረጥቦ ነበር፣ ለብ ያለ ቅቤ ጠብ አደረግኩላት፣ አሁን ደህና ናት" አለች። እማዬ ያላከመችው ነገር የለም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ካርዱ አለቀ። ስምንት ጥያቄ። ያስቸገረኝ ሰባተኛው ነበር፦ "ልጁን ከኋላው ሆነው፣ ሳያይዎት፣ በስሙ ሲጠሩት ይዞራል?" ሁለት መስመር ይበላል፤ ገጹ ደግሞ ሞልቷል። "ከኋላው ሆነው፣ ሳያይዎት" የሚለውን አወጣሁት። "ልጁን በስሙ ሲጠሩት ይመጣል?" አጭር፣ ግልጽ። እኔ እናቱ ብሆን ይገባኛል። ጋሽ ኢሳያስ፣ "እጅሽ ይባረክ፣ አሁን ካርድ ሆነ!" አሉ። ኮራሁ። ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

በራሴው ልጅ ሞከርኩት። በስልክ!

ጥያቄዎቹን ለእማዬ አንድ በአንድ አነበብኩላት። ትሮጣለች? "ማን ይይዛታል።" ማንኪያ ትይዛለች? "ቆጮ በእጅ ነው የሚበላው፣ ማንኪያ ምን ያደርግላታል።" በስሟ ሲጠሯት ትመጣለች? "እንዴታ! እጄን ዘርግቼ ሶሲ ስላት እየበረረች ነው።" ሁለት ሦስት ቃል አገጣጥማ ታወራለች? "ጨዋ ልጅ ናት። ድምጿ አይሰማም። ጎረቤቱ ሁሉ የሚያመሰግናት በዚህ ነው። አንቺም አፍሽን የፈታሽው ዘግይተሽ ነው፤ አሁን ማን ያስቆምሻል?"

ሳቅኩ። ሰባት ከስምንት። ጎበዝ ልጅ።

ስልኩን ስትሰጣት ግን ዛሬም ዝም። ትንፋሽ ብቻ። "አንዴ እሺ በይኝ፣ አንዴ ብቻ..." የሦስት ዓመት ልጅ እንዲህ ቂም ትይዛለች? ከማን ወረሰችው? ከእኔ ነዋ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ማንኪራ ዋልኩ። የቡና ለቀማ ስለሆነ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ጫካ ገብተዋል፤ ተከትለናቸው ገባን። ላቀች የምትባል አንዲት ልጅ እግር እናት እየለቀመች ጀርባዋ ላይ ላለው ልጇ ታወራለታለች። "ይሄ ቀይ ነው፣ እንወስደዋለን። ይሄ አረንጓዴ ነው፣ ይቆየን።" ማን አስተማራት? እሷ ሁለት መቶ አሥር ገጽ አላነበበች። ቆሜ አየኋት። ቀናሁ፤ የለየለት ቅናት።

ቅዳሜ ቢታ እሄዳለሁ። ጋሽ ኢሳያስ ፈቀዱም አልፈቀዱም።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ሚኒባሱ ሺሺንዳ ላይ ሰው ካልሞላ አልነቃነቅ አለ። አንድ ሰዓት! ለሶሲ ቀይ ሹራብ ገዛሁ።

በር ላይ አየችኝ። ዓይኗ ፈጠጠ፤ ከዚያ እማዬ ቀሚስ ውስጥ ተወሸቀች። ሹራቡን ወደደችው። እኔን ግን... ስስማት ጉንጯን ጠረገች።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ሁሉም ከተኙ በኋላ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ሶሲ ጀርባዋን ሰጥታን ጓሮ እንሰቱ ሥር ትጫወታለች። እማዬ በቆሎ ትፈለፍላለች። "ቁርስ ደርሷል፣ ጥሪያት" አልኩ። እማዬ አንድ የበቆሎ ፍሬ አንስታ ወረወረች። ፍሬው ሶሲ ፊት ወደቀ። ዞረች፤ እየሳቀች ሮጣ መጣች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እንዲህ ነው የምጠራት። ጨዋታችን ነው።"

"በስሟስ?"

"ጀርባዋን ከሰጠችሽማ በስሟ የት ትመጣለች! ግትር ናት። በፍሬ ግን ወዲያው ነው።"

ከኋላው ሆነው፣ ሳያይዎት... ገጽ ሞላ ብዬ የጣልኩት።

ቁርሷን በልታ ወደ እንሰቷ ስትመለስ ተከተልኳት። ሁለት እርምጃ ከኋላዋ ቆምኩ። "ሶሲ።" ምንም። "ሶሲ!" ጎረቤት እስኪወጣ ጮኽኩ። አልዞረችም። በጭቃ የምትሠራውን ትሠራለች።

ኩርፊያ አልነበረም። ያን ሁሉ እሑድ ለማይሰማ ጆሮ ነው ስማጸን የኖርኩት።

እማዬ ነገሩ ገባት። "ቅቤው ነው? እኔ ነኝ ያደነቆርኳት?" (በካፊኖኖ ነው ያለችው፤ በአማርኛ ስጽፈው ለቅሶው ይቀራል።) አይደለም አልኳት። ይዣት እሄዳለሁ ስላት አልተከራከረችኝም። ልብሷን አጣጠፈች፣ ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈችው።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

መጀመሪያ ቦንጋ ሆስፒታል። ጅማ የጆሮ ሐኪም እንዲያያት ጻፉልን። ከዚያ ሶሲን ታቅፌ ቢሮ ገባሁ።

ካርዱ ታትሞ መጥቷል። ስድስት መቶ ፍሬ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ተቆልሏል። "ጋሼ፣ ስሕተት አለበት። ስሕተቱም የእኔ ነው" አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ተነሥተው ሶሲ ኋላ ሄዱ፣ አጨበጨቡ። ራሷን ትንሽ ነቅነቅ ያደረገች መሰለኝ... ወይስ ተመኝቼ ነው? ተመልሰው ተቀመጡ። "አንድ ገጽ ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "እስክሪብቶ አምጪ።"

በእጃችን ልንጽፍበት ነው። ስድስት መቶ ጊዜ፦ ከኋላው ሆነው፣ ሳያይዎት።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ጅማ። ሐኪሟ ረጅም ሰዓት አየቻት። የቀኝ ጆሮዋ ታምቡር ተበስቷል፤ በግራው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። "ግራው ይመለሳል ብዬ አስባለሁ። ለቀኙ ቃል አልገባልሽም።" ማድረቅ፣ ጠብታ፣ ውኃ እንዳይገባ መጠንቀቅ። ቅቤ እንዳይነካት!

"መቼ ጀመራት?" አለችኝ።

አላውቅም። እናቷ ነኝ፣ አላውቅም።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

"እማ" እያለች በሩን ታያለች። እማ የምትለው እናቴን ነው። እኔ ገና ስም የለኝም። ስታለቅስ ታቅፌያት እዞራለሁ፤ እሷ እማን ትፈልጋለች፣ እኔ እሷን። አጠገቤ ሆና ትናፍቀኛለች።

ቀን ቀን አከራዬ እትዬ ዙሌካ ይይዙልኛል። "ያኔም ብትነግሪኝ እይዝልሽ ነበር እኮ" አሉኝ ዛሬ። ግድግዳ ለግድግዳ ስንኖር አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም። ምን ብዬ ነው ያልጠየቅኩት? ኩራት? ይሄንንስ ለማን ልንገር።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ሶሲን ሆስፒታል ይዣት ሄጄ ሳለ ከማንኪራ አንድ ሕፃን ለጆሮ ምርመራ ተልኮ መጣ። አባቱ ካርዱን ይዞታል። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ግራ ጆሮዋ ደርቋል። ከሰሞኑ እትዬ ዙሌካ በር ሲያንኳኩ ቀና ትላለች።

ዛሬ እማዬ ደወለች። ስልኩን በግራ በኩል አስጠጋሁላት። ፊቷ ተለወጠ። ስልኩን አየችው፤ ገልብጣ ጀርባው ላይ ፈለገቻት። "እማ?"

ማዶ ድምፅ ጠፋ። ስልኩን ተቀብዬ "እማዬ፣ አለሽ?" አልኩ።

"አለሁ። ምን ቀማሻት? መልሺላት።" እያለቀሰች ነው።

አሁን ናፋቂዋ እሷ ሆነች። በቆሎ ስትፈለፍል ለማን ትወረውራለች? ለበዓል እዚህ ትመጣለች፤ ትራንስፖርቱን ያዝኩላት። እምቢ ብትል ሄጄ ነው የማመጣት።

ጥር 3፣ እሑድ

እማዬ በዓሉን አብራን ውላ ትናንት ተመለሰች። አንድ ፌስታል በቆሎ ትታልናለች።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ልብስ አጥባለሁ። አንገቴ ላይ አንድ ነገር ጠብ አለ። የበቆሎ ፍሬ! ሆን ብዬ አልዞርኩም። ሌላ ፍሬ ትከሻዬን መታኝ። አልዞርኩም። ሦስተኛው ሳፋው ውስጥ ገባ። ከዚያ ዝም... ልዞር ምንም አልቀረኝም። ልብሱን ጨምቄ ያዝኩ።

"አቦት!"

እናቴ "አብርሆት" ስትለኝ ሰንብታ የለ። እማ አላለችኝም። እማ የእናቴ ነው፤ ይሁን፣ ይገባታል።

ከኋላዬ ሆና፣ ሳላያት፣ በስሜ ጠራችኝ።

ዞርኩ።