ትልልቅ ሰዎች ስለቀመሱት የልጄ ወተት

ለክቡር የሕፃናት ምግብ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም የምግብ መፈጨትዎ እንዴት ነው? ይህን የመጨረሻውን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። በእኛ ቤት ሰው ሰላም ማደሩ የሚታወቀው በዚሁ ከሆነ ሰንብቷልና፣ ለክቡርነትዎም የለሰለሰና ያልዘገየ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ ፀጉር የማስተካክል ሰው ነኝ። ባለቤቴ ከወለደች በኋላ ታማ የምትወስደው መድኃኒት ጡት ማጥባት ስለከለከላት፣ ሴት ልጃችንን በጡጦ ማሳደግ ጀመርን፤ የመረጥነውም የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ያለበትን የቆርቆሮ ዱቄት ወተት ነበር። ማኅተሙን አይተን አመንን። ልጅቷ ግን ሆዷ ደረቀ። ፊቷ በርበሬ መስሎ ታምጣለች፣ ጉልበቶቿን ወደ ሆዷ ሰብስባ ትጮኻለች፣ በመጨረሻ ዳይፐሯ ላይ የምናገኘው ጠጠር ነው። እናቷ አብራት ታለቅሳለች፤ እኔም በር ላይ ከመቆም በቀር የማደርገው አልነበረኝም።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ አቤት ልል በመጣሁ ጊዜ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። የአቤቱታ ክፍሉ ባልደረባዎ ጥፋቱ ወተቱን አወፍረን መበጥበጣችን መሆኑን ቤታችንን ሳያዩ ደርሰውበታል። ባለቤቴ ዱቄቱን በቢላዋ ጀርባ አስተካክላ የምትለካ፣ ውሃውን አፍልታ የምታቀዘቅዝ ሴት ናት ብዬ ባስረዳም፣ እናቶች ሁሉ እንዲያ ይላሉ ተባልኩ። እናቶች ሁሉ አንድ ነገር ካሉ ምናልባት እውነት ይሆናል ብሎ ማሰብ የክፍሉ ሥራ እንዳልሆነ በዚያው ተረዳሁ።

ሁለተኛ፣ ልጄን ያዩዋት የሕፃናት ሐኪም እንዳስረዱን ወተቱ መርዝ አይደለም፤ የሚስማማቸው ሕፃናትም ብዙ ናቸው። ነገር ግን ከቅባቱ አብዛኛው የፓልም ዘይት በመሆኑ፣ ከዘይቱ የሚለቀቀው አንደኛው ስብ አንጀት ውስጥ ከወተቱ ካልሲየም ጋር ይጣበቅና ሳሙና መሳይ ነገር ይሆናል። ሰገራውን የሚያደርቀው እሱ ነው፤ ለአጥንቷ ከታሰበው ካልሲየምም ከፊሉ አብሮ ይወጣል። ይኸው ስብ በእናት ጡት ውስጥም አለ፤ አቀማመጡ የተለየ ስለሆነ ግን ሕፃን በደህና ይፈጨዋል። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው «የአትክልት ዘይት» ብቻ ነው። የምን አትክልት እንደሆነ ጽሕፈት ቤትዎ አይጠፋውም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ጽሑፉ እንዲያጥር ስለፈቀዱ አመሰግናለሁ፤ ለሚስቀው ሕፃን ሥዕል ሰፊ ቦታ ተርፎለታል።

ሦስተኛ፣ ይህንኑ ይዤ ብመለስ ወተቱ በቀማሾች ኮሚቴ ተፈትኖ ማለፉ ተነገረኝ። ባልደረባዎ አሠራሩን በኩራት ነው ያብራሩልኝ፦ ኮሚቴው ከምሳ በኋላ በስብሰባ አዳራሹ ይቀመጣል፣ ወተቱ በትንንሽ ብርጭቆ ይቀርብለታል፣ ይቀምሳል፣ ጣዕሙ ጥሩ ነው ብሎ ይፈርማል። ክቡር ሆይ፣ ጥርስ ያላቸው፣ ጠግበው የመጡ ትልልቅ ሰዎች አንድ ጉንጭ ቀምሰው ስለ ልጄ አንጀት ሲፈርሙ መስማት ለሰሚው ግራ ነው። ልጄ ስለ ጣዕሙ አላማረረችም፤ ጡጦውን ጥርግ አድርጋ ነበር የምትጠጣው። የእሷ ቅሬታ ከምላስ ብዙ ዝቅ ይላል። ኮሚቴው ሌላ ምንም ሳይቀምስ በዚሁ ወተት ብቻ ይሰንብት እንዳልል፣ ቃለ ጉባኤው የሚፈረመው በአዳራሹ ሳይሆን በመጸዳጃ ቤቱ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

አራተኛ። በሐኪሙ ምክር የቅባት ቅንብሩ ሌላ ወደሆነ ወተት ቀየርን፤ እያደር ልጅቷ ለቀቅ አላት፣ እንቅልፍ ወሰዳት፣ እኛም ሰው ሆንን። ከዚያ በመስታወቴ ጥግ አንዲት ወረቀት ለጠፍኩ፤ የሕፃን ወተት ስትገዙ ቅባቱ ምን እንደሆነ ጠይቁ፣ የልጃችሁ ሆድ ከደረቀ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፣ ትላለች። ጽሕፈት ቤትዎ ወረቀቷን ካላነሳሁ የሱቄ ፈቃድ እንደማይታደስ በጽሑፍ አስጠንቅቆኛል። ለልጄ ሆድ ጊዜ ያጣው ጽሕፈት ቤት ለአንዲት ወረቀት ይህን ያህል መፍጠኑን ሳላደንቅ አላልፍም።

መልሴ አጭር ነው፤ አላነሳትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በእኔ ሱቅ ውስጥ ሁለቱም ተገናኝተዋል። ሱቁ ቢታሸግ ወንበሬን ተሸክሜ ዛፍ ሥር ፀጉር እቆርጣለሁ፣ ወረቀቷንም ግንዱ ላይ እለጥፋለሁ። መፍራቴንም አልደብቅም፤ ከዚህች ወንበር ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። የልጄን ጩኸት ግን ሰምቼዋለሁ፣ ሌላ አባትም የልጁን እንዲያ ሲሰማ ዝም ብዬ አላይም። ክቡርነትዎ የዘይቱን ስም በግልጽ ያስጽፉ፤ ማኅተምዎንም ከመምታትዎ በፊት የሚጠጡትን ሕፃናት ሆድ ያስመርምሩ። ያን ጊዜ ወረቀቷን በገዛ እጄ አነሳታለሁ።

ለማይነበበው ለዚህ አቤቱታዬ ስለሚሰጡት ንጹሕ መደርደሪያ እያመሰገንኩ፣ በፍጹም ትሕትና እጅ የምነሳ፣

ከጀርባዎ ያለው ፀጉር አስተካካይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ አንዲት ወይዘሮ ወንዶች ወደሚሰለፉበት ሱቄ ገቡ። መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቷን አነበቡና ሐኪሙ የት እንደሚገኙ ጠየቁኝ። የልጅ ልጃቸው በዚያው ወተት ሆዱ ደርቆ ቤቱን በለቅሶ እንደሞላው፣ ባለቤታቸው ግን አይቀየርም ብለው እንደሚሟገቱ አጫወቱኝ። ባለቤታቸው ማን እንደሆኑ የነገሩኝ ሊወጡ በር ላይ ሲደርሱ ነው። ለክቡርነትዎ እንዳደርስ ያዘዙኝ መልእክትም ይኸው፦ «ወረቀቷን እንዳታነሳ። ማን አለህ ካለህ፣ ሚስትህ በለው።»