ስድስት ስስ ክሮች ለአባባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት በየስልኩ እንደ ልማድ ስጠይቅዎ ኖሬ፣ ዛሬ ገና መልሱን እየፈራሁ ጻፍኩት። ግራ እጅዎ እንዴት ነው? ሙቀቱ ተመለሰ? ብርጭቆ መያዝ ጀመሩ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እማዬ ወገቧ እንዴት ሆነላት፣ እርስዎን ስታነሳና ስታስተኛ ብሶባት ይሆን? ሚጢስ፣ እህቴ፣ ከሥራ መልስ እርስዎን ማስታመሙ አላደከማትም? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ልል ነበር። ግን ደህና አይደለሁም፤ እርስዎን መዋሸትም ሰልችቶኛል።

በስልክ መናገር ትቼ የጻፍኩት ድምፄ ስለሚከዳኝ ነው። ደግሞ ከደብዳቤው ጋር የሚመጣ ነገር አለ። ፖስታውን የምታደርስልዎ አብራኝ የምትኖረው ነርስ ናት፤ ለእረፍት ወደ አገር ቤት ስትመጣ እግሯ ላይ ወድቄ ነው የላክኋት። ውስጡ የተጠመጠመውን ነገር እማዬ የብረት ሽቦ መስሏት እንዳትጥለው አደራ።

ባለፈው ሳምንት ሚጢ ደውላ ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንዱ፣ ሕመሙ የግራ እጅዎን ጣቶች እንዳደነዘዛቸውና ሐኪሙ ይመለሱ ይሆናል እንጂ ይመለሳሉ እንዳላለ። ሁለተኛው፣ ጊታሩ ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት እንደሆነው። የመጀመሪያውን ስሰማ አለቀስኩ። ሁለተኛውን ስሰማ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በደወልኩ ቁጥር «አባባ፣ እየተጫወቱ ነው?» ስልዎ «ጣቴማ መቼ ዝም ይላል» ይሉኝ አልነበር? አንድ ቀን እስቲ በስልክ ያሰሙኝ ብዬ ስለምንዎ እንኳ «ክሩ ተበጥሷል» አሉኝ። አመንኩዎ። እዚህ ጊታር መሸጫ ቤት ክር ቀያሪ ሆኜ፣ በቀን የሃያ ጊታር ክር እየቀየርኩ፣ ክር ልላክልዎ አለማለቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ጊታሩን ከቤት ያስወጣውን ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ያንን ጣውላ ለፈለገ ሰው ይስጡልኝ፣ ቦታውን ያዘጋጁ፣ እውነተኛ ጊታር ልልክልዎ ነው» ብዬ። ምላሴን በቆረጠው። እኔ አዲሱ እስኪደርስ የሚያቆዩት ሲመስለኝ፣ እርስዎ በዚያው ሳምንት ለሰፈራችን ጸጉር አስተካካይ ሰጡት፤ ሚስማሩን ብቻ ግድግዳው ላይ ተዉት። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ ጣውላ በየሠርጉና በየክበቡ ተጫውተው፣ እኛን አብልተው አልብሰው፣ እኔ ደግሞ የጊታር መሸጫ ቤት ገብቼ የፋብሪካ ስም ማንበብ በተማርኩ በሦስተኛው ወር አፈርኩበት። ጎረቤቱም ሁሉ «ልጄ ትልቁን ጊታር ልትልክልኝ ነው» ሲሉ ሰምቶ ሲጠይቅዎ ኖሯል። እርስዎ ለመልሱ ሲጨነቁ እኔ እዚህ ምርጫ ላይ ነበርኩ።

ምርጫው እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። የምሠራበት ቤት ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ርካሾቹ እንደታጠበ ልብስ ተደርድረው ተሰቅለዋል። ፊታቸውም ጎናቸውም ኮምፔርሳቶ ነው፤ ስስ እንጨት በሙጫ እየተደራረበ የተሠራ። የኋለኛው ክፍል መስታወት ነው። እዚያ ያለችውን ውድ ጊታር እኛ ሠራተኞቹ «እመቤት» እንላታለን። ፊቷም ጎኗም ጀርባዋም ያልተደራረበ ወጥ እንጨት ስለሆነ አየሩ እንዳያደርቃት ውሃ የሚተፋ ማሽን አጠገቧ ሌት ተቀን ይሠራል፤ እኔ በምተኛባት ክፍል እንኳ እንዲህ ያለ እንክብካቤ የለም። ገዢው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የጊታሩን ራስ ነው። ስሙን ያነባል፣ ከዚያ ነው ድምፁ የሚያምርለት። በገዢዎቹ ስስቅ ነበር። በራሴ ላይ መሳቅን ግን ማን ያስታውሰኝ?

በመጀመሪያው ዓመት ደህና የሚባለውን መላክ እችል ነበር። ከዚያ አንዱ ሻጭ «ፊቱ ወጥ እንጨት ያልሆነ ጊታር ለአባት አይላክም» አለኝ። ፊቱ ወጥ ለሆነው ገንዘቤ ሲደርስ ጎንና ጀርባውም ወጥ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው ተባለ። እሱንም ስደርስበት ስሙ ሲጠራ ሰው ዝም የሚልለትን፣ እመቤትን፣ አስያዝኩ። ለአባባ ያንሳል፣ ለአባባ ያንሳል እያልኩ ሁለት ዓመት ሄደ። እርስዎም ባዶ እጅዎን ጠበቁኝ። ሚጢ እንዳለችኝ ጣትዎ ጫፍ ላይ የነበረው ጠንካራ ቆዳ ከሕመሙ በፊት ነው የጠፋው።

ሚጢ በደወለች ማግስት ሽማግሌው ጠጋኛችን ፊቴን አይቶ ምን ሆንሽ አለኝ። ይህ ሰው አርባ ዓመት ጊታር የጠገነ፣ ከሰው ይልቅ ለእንጨት የሚያዝን ነው። ሁሉን ነገርኩት። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ አለኝና አራት ጊታር እያፈራረቀ አንድ ዜማ ተጫወተ። እመቤት የቷ ናት አለኝ። ሁለተኛዋ አልኩት፣ አልተሳሳትኩም። ልዩነት የለም ብል እዋሻለሁ፤ የእሷ ድምፅ ክሩ ከተመታ በኋላ ቆሞ ይቆያል፣ ቶሎ አይሞትም። ቀጠለና «አባትሽ የሚጫወተው የሚመስልሽስ?» አለኝ። ሦስተኛው ሲጀምር እንባዬ ቀድሞኝ ነበር። ያ አጭር፣ ደረቅ ድምፅ፣ በልጅነቴ ከመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ማዶ ስሰማው የኖርኩት ነው። ዞሬ ሳየው ከበሩ አጠገብ የሚሰቀለው፣ የሁሉም መጨረሻ፣ ኮምፔርሳቶው ነበር።

ታዲያ እሱን ልግዛና ልላክ ስለው ጠጋኙ ራሱን ነቀነቀ። «የታመመ እጅ አዲስ ነገር አይለምድም፤ አሮጌውን ፈልጊለት» አለኝ። እመቤትንማ ወደዚያ ደረቅ አየራችሁ ብትልኪያት በአንድ በጋ ፊቷ ይሰነጠቃል፣ ክሯም ጠንካራ፣ አንገቷም ሰፊ ነው፣ ጤነኛ ሰውንም ታደክማለች አለ። የእርስዎ ጣውላ ግን ከጸሐይ ወደ ዝናብ ስንት ዓመት ሲመላለስ አልተሰነጠቀም። ያስያዝኩትን ገንዘብ ባለቤቱ መልሶልኛል፤ እሱ ለሕክምናዎ ይሁን፣ ለሚጢ ልኬላታለሁ።

እንግዲህ ፖስታው ውስጥ ያሉት ስድስት ክሮች ካሉን ሁሉ የሳሱት ናቸው። ሚጢ ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ትሂድና «እህቴ ተሳስታ ነው» ትበለው። ሰጥተው የሚነጥቁ ሰው አለመሆንዎን አውቃለሁ፣ እግርዎ ወደዚያ እንደማይሄድም አውቃለሁ፤ ጥፋቱ በእኔ ይሁን። እንደሰማሁት ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ እየነካካ ሁለት ክር በጥሶበታል። ግድግዳው እንዳይራቆትበት የእመቤትን ትልቅ ፎቶ ጠቅልዬ ልኬለታለሁ። እሷ እንደሆነች ለመታየት ነው የተሠራችው። ክሩን ከቀየራችሁ በኋላ ቅኝቱን ከወትሮው አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉት፣ ለጣት ይለሰልሳል።

ጣቴ አይጫንም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ትዝ ይልዎታል፣ ጉልበትዎ ላይ አስቀምጠውኝ እርስዎ በግራዎ አንገቱን ይዘው ሲጫኑ፣ እኔ በቀኝ እጄ ክሩን ስመታ? በር ላይ የቆመው ሰው ልጅቱ ትችላለች ይል ነበር። ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ የምችል ይመስለኝ ነበር፤ እርስዎም አንድም ቀን አልነገሩኝም። አሁን ቀኝ እጅዎ ደህና ነው። ሚጢ በግራ በኩልዎ ትቀመጥና ትጫን፣ እርስዎ ይምቱ። ሦስት የጣት አያያዝ ካወቀች ይበቃል፤ የት እንደሚጫን እርስዎ በአፍ ይንገሯት፣ ስትሳሳት አይቆጧት። ያ ቦታ የእኔ ነበር አባባ። የመኖሪያ ወረቀቴ ሳይታደስ ብወጣ ተመልሼ ስለማልገባ ነው እንጂ፣ በዚህ ፖስታ ፋንታ እኔ እመጣ ነበር።

እማዬን ይቀፉልኝ፤ ሚስማሩን እንዳትነቅለው ይንገሯት። ሚጢን ጥፍርሽን ቁረጪ ይበሉልኝ፣ ግራ እጇን፤ ቀኟን እንደፈለገች ታስረዝም። አኮርዲዮን ተጫዋቹን ጓደኛዎን ለጤናዎ እንዴት ነዎት ይበሉልኝ፣ ሊጠይቅዎ ሲመጣ ግን ትልቁ ጊታር ደረሰ ወይ ካለ እውነቱን ይንገሩት፤ ልጄ ተሳሳተች ይበሉት። ጸጉር አስተካካዩንም ያመስግኑልኝ፣ ባይወስደው ኖሮ ዛሬ የምንፈልገውን አናገኝም ነበር።

የምትጀምሩ ቀን ስልኩን ክፍት አድርጋችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡልኝ። ምንም አልናገርም። ሚጢ ብትሳሳትም አትቁሙ።

የበኩር ልጅዎ

ከጊታር ቤቱ፣ ከክር መቀየሪያው ጠረጴዛ
ማክሰኞ፣ መጋቢት ፱ ቀን