የሚዛኗን ፔሳ የቧጨራት የእኔ ጥፍር አይደለም

ለተከበሩ ምዜ ኡሲ ካቲብ
በዛንዚባር የአሮጌው ከተማ የጥንት ሳንቲም ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር
የደጃፉ የድንጋይ መቀመጫ፣ የባራዛው፣ ጥላማ ጥግ ብቸኛ ባለመብት
ባሉበት

እጅግ የተከበሩ አባታችን ሆይ፤

የቆመ ይቀመጥ፣ ሻይ የያዘም ብርጭቆውን ያስቀምጥ፤ ከባድ ዜና አለኝ። ስንት ሱልጣን የሸኘች፣ አብዮት ያሳለፈች፣ ሚዛን የታተመባት የማኅበራችን የጥንት የመዳብ ሳንቲም፣ ፔሳችን፣ በመውሊድ ማግስት ተቧጭራ ተገኝታለች። ሐዘኑ ከባሕሩ ዳር እስከ ገበያው ድረስ ተሰምቷል፤ ድመቶቹ ሳይቀሩ ዝም ብለዋል።

ለመሆኑ ክቡርነትዎ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ወገብዎ? ሰሞኑን ደጃፍዎ ላይ ጎንበስ ቀና ሲሉ ስላየሁዎት ነው የምጠይቀው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ ፓንዱ ቩአይ ነኝ። ከባራዛው በላይ ባለው መስኮት ስሜን በካርቶን ጽፈው ከለጠፉልኝ ወዲህ ግን ራሴን ማስተዋወቅ ትርፍ ድካም ነው። ከሰባተኛ ክፍል ትምህርት ላቋረጠ ሰው ስሙ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ ማየት ትልቅ ክብር ነውና ከልብ አመሰግናለሁ። ካርቶኑ፣ «ፔሳዋን ከመውሊድ በፊት በእጁ የያዘም የቧጨረም ፓንዱ ነው፤ ሳንቲም ካለበት እንዳይደርስ» ይላል። ባለፈው ዓመት የማኅበሩን ጸሐፊ ጫማዎች እርስ በርስ ያሰርኩ እኔ መሆኔን አልካድኩም። ይህን ግን እክዳለሁ።

የምክደውም በዋዛ አይደለም። ሰዓት ሠሪው ፉንዲ ጃፈር ከመውሊድ በኋላ ሱቁ አስገብቶ ሙያውን ሊያስተምረኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ካርቶኑን አንብቦ ጠራኝና፣ «አንተ ልጅ፣ መዳብ የቧጨረ እጅ የእኔን መስታወት ምን ሊያደርገው ነው?» አለኝ። እኔ አይደለሁም ብል፣ «እንግዲያው ማን እንደሆነ አሳየኝ፤ ሰኞ ጠዋት ወይ ካርቶኑ ወርዶ ላግኘው፣ ወይ አንተ ሌላ ሥራ ፈልግ» ብሎ አጉሊ መነጽሩን አዋሰኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ደግነትዎ አያልቅምና፣ ክቡርነትዎ እኔን ለማዋረድ ፔሳዋን በሳህን አድርገው ባራዛው ላይ ለመንገደኛ ሁሉ አሳዩ። እኔም ተሰልፌ፣ ተራዬን ጠብቄ፣ በመነጽር አየኋት። ምስክሬን በሳህን ስላቀረቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ያየሁት እነሆ፦

፩ኛ) በሚዛኑ ግራ በኩል ያሉትን ሦስት ቀጫጭን መስመሮች «የፓንዱ ጥፍር» ብለዋቸዋል። ከጎን ብርሃን ሲያገኙ ግን መስመሮቹ ከመዳቡ በላይ ጉብ ብለው ነው የሚታዩት። ጭረት ይሰረጉዳል እንጂ አያብጥም። ጉብ ያለ መስመር የሚመጣው ሳንቲሙን ከሚያትመው ብረት ነው፤ ብረቱ ሲወለወል ተጭሮ፣ ጭረቱ በመዳቡ ላይ ጉብ ብሎ ታተመ። ያኔ እኔ አልተወለድኩም። ክቡርነትዎም አልተወለዱም፤ በዕድሜ ግን ለዚያ ዘመን የሚቀርቡት እርስዎ ነዎት።

፪ኛ) ሚዛኑን አቋርጦ የሚሄደው ረጅም ጭረት እውነተኛ ጭረት ነው፤ ይሰረጉዳል። ነገር ግን ውስጡ እንደ ፔሳዋ ፊት ጠቁሯል። አዲስ ጭረት ቀይ ሆኖ ያበራል፤ የጠቆረ ጭረት ከመዳቡ ጋር አብሮ ያረጀ ነው። ምናልባት የአንዲት እናት ቁልፍ በከረጢት ውስጥ አግኝቷት ይሆናል። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጭረቱ «ሺካሞ» ብዬ እጅ የምነሳው ሽማግሌ ነው።

፫ኛ) አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ፔሳዋን የሸፈኑት መቶ የሚሆኑ ጸጉር የመሰሉ ቀያይ ጭረቶች አዲስ ናቸው፤ በዚህ እንስማማለን። ሁሉም ክብ ክብ ይዞራሉ። ጥፍር እንዲህ አይዞርም። የሚዞረው ጨርቅ የጠቀለለ አውራ ጣት ነው። በፔሳዋ ላይ በታተመው ጽሑፍ ጥግ ጥግ ደግሞ ግራጫ አመድ ቀርቷል።

በመውሊድ ዋዜማ በመንገዳችን ሁሉም ቤት የበሩን የነሐስ ጉጦች በአመድና በሎሚ ይፈትጋል። የእርስዎ በር ከሁሉም አበራ፤ አላህ ይስጥልን። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የተከበሩ ባለቤትዎ ቢ ምዋናኢዲ ከፎቅ ሆነው፣ «ኡሲ! ያንን ጨርቅ የት አደረስከው? የበሩ ግማሽ እንደ ቆሸሸ ቀረ እኮ!» ሲሉ መንደሩ በሙሉ ሰምቷል። ክቡርነትዎም፣ «ቆይ አንቺ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ላብራ ብዬ ነው!» ብለው ሲመልሱ ሰምተናል። ዛሬ የበርዎን ጉጦች በመነጽር አየኋቸው፤ ያው ክብ ክብ ጭረት፣ ያው አመድ። ለበር ያምራል። ፔሳን ግን ዕድሜዋን ገፎ እንደ ተላጠ ጉልበት ያደርጋታል።

፬ኛ) በጀርባዋ ያለው ቡናማ የአውራ ጣት አሻራ የእኔ ነው። ሳንቲም በጠርዙ እንጂ በፊቱ እንደማይያዝ አላውቅም ነበር፤ ደግሞም ጨውና በርበሬ የተነሰነሰበት ማንጎ እየበላሁ ነበር። ይህን በካርቶን ላይ ቢጽፉብኝ አንድ ቃል አልተነፍስም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው ሁለት ነገር ነው፤ ካርቶኑን በለጠፉበት እጅዎ ይቅደዱት፤ ከዚያም እስከ ፉንዲ ጃፈር ሱቅ ያሉትን ሠላሳ እርምጃዎች ተራምደው «ጨርቁ የእኔ ነበር» ይበሉት። እምቢ ካሉም አልቆጣም። ነገ ካርቶንዎ ሥር በሳህን መነጽሩን አስቀምጬ የበርዎን ጉጦች እንዲያይ መንገደኛውን አሰልፋለሁ፤ የመጀመሪያዋ ተሰላፊ ቢ ምዋናኢዲ ናቸው፤ እሺ ብለውኛል።

ለክብርዎ ጎንበስ ብዬ፣ ለካርቶንዎ ግን ቀጥ ብዬ የቆምኩ፣
ለአንድ አውራ ጣት አሻራ ብቻ ተጠያቂ የሆንኩ ጎረቤትዎ
ፓንዱ ቩአይ

ተጨማሪ፦ ስለ ወገብዎ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ከረቡዕ ጀምሮ ደጃፍዎ ድንጋይ ላይ ያለችው የሁለት መቶ ሺሊንግ ሳንቲም በማጣበቂያ ተጣብቃ ነው፤ አትነሳም፤ ራስዎን አያድክሙ። ዛሬ ጠዋት በመነጽር ሳያት በአንድ ጠርዟ ብቻ አሥራ አንድ ቀጥ ያሉ አዳዲስ ጭረቶች አሉባት፤ በጭረቶቹ ውስጥም የነሐስ ቁልፍ ብናኝ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ማንንም አልከሰስኩም፤ ካርቶንም አልለጠፍኩም። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ እንዲህ ያለች ፔሳ በአሮጌው ከተማ በየቤቱ የአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ሦስት አራት አትጠፋም፤ ጭረቶቹም ያለ መነጽር እምብዛም አይታዩም። ነገሩ ከመጀመሪያውም ትንሽ ነበር። ካርቶኑ ነው ትልቅ።