የሌላ ሞተር ሻንጣ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

የሌላ ሞተር ሻንጣ በእኔ ሞተር ላይ ማስገጠም ቀኑን ፈጀብኝ። የግራው ጎን ሻንጣ ከጭስ ማውጫው ጋር ተጣብቆ ሊቃጠል ነው። በያጁ ይልማ «ጋሼ፣ በሽቦ እንሰረውና ይገላገሉ» ሲለኝ ጮኽሁበት። ለእናቴ የገዛሁት ጋቢ ማክሰኝት የሚደርሰው በሽቦ ተንጠልጥሎ አይደለም! ሦስት ጊዜ ለክቼ፣ ማራቂያ ብረት አስበይጄ በልኩ አስገጠምሁት።

«የማክሰኝት መንገድ እስኪከፈት እኮ ሻንጣውም ያረጃል» ብሎ ሳቀ። መንገዱ ከተዘጋ ቆይቷልና እውነቱን ነው።

አመሻሹ ላይ እናቴ ደወለች። እርጅና ነገሩን ስላምታታባት፣ መንገድ የጀመርሁ እየመሰላት ሁልጊዜ «የት ደረስህ?» ትለኛለች። እኔም «ገና ባሕር ዳር ነኝ» እላታለሁ። ዛሬ ግን «ሻንጣ እየጫንሁ ነው» አልኋት።

«እንግዲያው ራቴን ሳልበላ እጠብቅሃለሁ» አለችኝ።