«ና» ያለው ማን ነው?

ሰኞ፣ የካቲት 3

ከሕክምና መጽሔቱ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ! ጽሑፍሽ አልፏል ብለው ካስደሰቱኝ ወር ሳይሞላ፣ ዛሬ «የቋንቋ መመሪያችን ተሻሽሏል» ብለው መጡ። እስካሁን መጽሔቱ እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። የአገሪቱ የአእምሮ ሐኪሞች ስለ ታካሚዎቻቸው፣ ታካሚዎቹ ራሳቸው በማይገባቸው ቋንቋ ሲጽፉ ኖረዋል፤ እኔም አንዷ ነኝ። ከዚህ እትም ጀምሮ ግን፦

— አጭር መግለጫው በአማርኛም ይጻፍ።
— የታካሚው ንግግር ቃል በቃል፣ በራሱ ቋንቋ ይቀመጥ።
— የተረጎመው ሰው ስም ይጠቀስ።

የምን ተርጓሚ? እኔና የጻፍኩለት ታካሚዬ፣ የኦቾሎ መንደሩ ሸማኔ፣ በአማርኛ ነው ስናወራ የከረምነው። (ስሙን እዚህም አልጽፍም።) እስከ ዓርብ ካልላክሁ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ያኔ የደሴው የማስተማር ቦታ አመለጠኝ ማለት ነው፤ የታተመ ጽሑፍ ያለው ሰው ነው የሚፈልጉት። አባዬ ደሴ ብቻውን ነው፣ ዓይኑም እየደከመ ነው። እኔም እዚህ አርባ ምንጭ ብቻዬን ነኝ። ዓይኔ ደህና ነው፣ ተመስገን።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

አፍ በፈታሁበት ቋንቋ ሁለት መቶ ቃል መጻፍ እንዲህ ያስምጣል? የምለው እኮ ቀላል ነው፦ የአርባ ዓመት ሸማኔ፣ ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ፣ የማይታይ ወንድ «ና» እያለ ያዝዘዋል። ለ«ሃሉሲኔሽን» ጽፌ የሰረዝኩት፦

ቅዠት። (እሱ እንቅልፍ ላይ ነው።)
የሌለ ድምፅ መስማት። (ከሌለ ምኑን ሰማው?)
የጆሮ ሽውታ። (እግዜር ይቅር ይበለኝ።)

መጨረሻ ላይ «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ» አልኩና ተገላገልኩ። ሰው ቢኖር አንብቤለት አብረን እንስቅ ነበር። ብቻዬን ትንሽ ሳቅሁ፣ ደስ አላለኝም፣ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ሲስተር አማረችን አማከርኳት። አብራኝ የምትሠራ ነርስ ናት፣ የዚሁ አገር፣ የላንቴ ልጅ። ለሌሎች ታካሚዎች ታስተረጉምልኛለች፤ ሸማኔው ግን አማርኛ ስለሚችል እሷን አላስቸገርኳትም ነበር። «ነገ ቀጠሮው አይደል? በጋሞኛ ያውራ፣ እኔ እጽፋለሁ» አለችኝ። ቀላል ነገር። አራት ዓመት እዚህ ኖሬ የእኔ ጋሞኛ ከሰላምታ አያልፍም። ምን ስሠራ ኖርኩ?

ሙዝ አምጥታልኛለች። በየሳምንቱ ታመጣለች፣ ቤት ሙሉ ሰው ያለኝ ይመስል። ግማሹ ጠቁሮ ይጣላል፤ ይህን አልነገርኳትም። ብነግራት ማምጣቷን ብትተውስ?

የሸማኔውን ካርድ አገላበጥኩ። «ና» የሚለው ትእዛዝ ስላስፈራኝ ታኅሣሥ ላይ መድኃኒቱን ጨምሬበታለሁ። ከዚያ ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የሽመና መወርወሪያውን በቅጡ መያዝ አቅቶታል። እኔ በጽሑፌ «የሚጠበቅ የጎንዮሽ ጉዳት» ብዬ በግማሽ መስመር አልፌዋለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ጉዴ ፈላ።

ሲስተር በጋሞኛ ጠየቀችው። ሰውየው አወራ፣ አወራ። አራት ወር ሙሉ ከእኔ ጋር ያወራው ቢደመር ይህን አያክልም። እሷ ስትጽፍ ቆየችና ብዕሯን አስቀመጠች።

«ዶክተር፣ ሚስቱ እኮ ናት።»

«ምኗ?»

«የምትጠራው። ሞታለች፣ አምና። ጓሮ ሲሸምን ምሳ ሲደርስ ‹ና› ትለው ነበር። አሁንም በዚያው ሰዓት ይሰማዋል ነው የሚልዎት።»

ክው አልኩ። በሰውየው አማርኛ ሴትም ወንድም አንድ ነው። ሚስቱን የጠየቅሁት ቀን «ቤቱ ሄደ» ነበር ያለኝ። እኔ አዋቂዋ በልቤ «ቤቷ ሄደች» ብዬ አረምኩና ጥላው ሄደች ብዬ ጻፍኩ። ጌታ ጋ ሄደች ማለቱ ነበር፤ በቸርቻቸው እንደዚያ ይላሉ አለች ሲስተር። ድምፁ ላይ ስደርስ ግን «ይጠራኛል» ያለውን ሳላርም ወሰድኩት፣ ወንድ አደረግሁት፣ አዛዥ አደረግሁት። እኔን ራሴን እኮ «አንተ» ሲለኝ ነው የከረመው! በሆዴ ስስቅበት ነበር።

መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እንደምንቀንስ ነገርኩት። ድምፁስ ይጠፋል ወይ አለኝ። ሊጠፋም ላይጠፋም ይችላል አልኩት፤ ደስ የማሰኘው መስሎኝ «ከጊዜ በኋላ ግን ይጠፋ ይሆናል» ብዬ ጨመርኩ።

«እሱ ካልጠራኝ ማን ይጠራኛል?» አለ። በአማርኛ፣ ለእኔ ብሎ።

ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሲስተርም በጋሞኛ ደገመችለት። «ምንም አይደል ዶክተር፣ አንተ ደክመሃል» አለኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። እዚህ አገር በስሜ የሚጠራኝ አንድ ሰው የለም፤ ለሁሉም «ዶክተር» ነኝ። ለማን ብዬ እንዳለቀስኩ እንጃ፣ ለእሱ ብቻ ግን አይደለም።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ሐቁን ልጻፍ፤ ይህን የሚያነብ የለም። ጠዋት ልዋሽ ነበር። «ቃለ ምልልሱ በአማርኛ ነው፣ ተርጓሚ አላስፈለገም» ብዬ ብልክ ማን ያውቃል? ውሸት እንኳ አይደለም። መጽሔቱ ይወጣል፣ ሻንጣዬን እሸክፋለሁ፣ ደሴ እገባለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ጽፌ እስከ ምሳ ሰዓት አፈጠጥኩበት። አጠገቡ ሲስተር የጻፈችው ወረቀት አለ፣ የሰውየው ንግግር በላቲን ፊደል። አንዲቱንም ቃል አላውቃት።

ከምሳ በኋላ ለአዘጋጁ ይህን ላክሁ፦ «ጽሑፌ ስህተት ነው። ድምፁ የሞተች ሚስቱ ናት። ያዘዘው ወንድ የለም፤ ወንዱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከእትሙ ይሰረዝልኝ።»

አዘጋጁ አስር ሰዓት ላይ መለሱ። ጽሑፉ ከዚህ እትም ተሰርዟል። ስለ ስህተቱ ራሱ ጻፊ፣ ነርሷም በደራሲነት ትግባ፣ ግን እንደ አዲስ ነው የሚገመገመው አሉ። ደሴ በዚህ ዓመት የለም ማለት ነው። ለሲስተር ደራሲ ልትሆኚ ነው ብላት «ይተዉኝ ዶክተር!» ብላ ወረቀቱን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። የሳምንቱ አንድ ደስታ ይኸው ነው።

እሑድ፣ የካቲት 9

አባዬ ጋ ደወልኩ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ስልክ ቶሎ አያነሳም። ዘንድሮ አልመጣም አልኩት፤ ምክንያቱንም፣ የሸማኔውን ነገር፣ ነገርኩት። ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን ስለ ቦታው አይደለም፦ «ሰውየውስ? እጁ ተመለሰለት?»

«ገና ነው አባዬ። መድኃኒቱን ከቀነስን ሦስት ቀኑ ነው።»

«የጻፍሽውን አንብቢልኝ እስቲ።»

እንግሊዝኛው አይገባውም። የአማርኛውን መግለጫ ትናንት አስተካክዬዋለሁ፣ እሱን አነበብኩለት፦ የአርባ ዓመት ሸማኔ ነው፣ ሚስቱ ሞታበታለች፣ በምሳ ሰዓት «ና» ስትለው ይሰማዋል። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አባዬ? አለህ?»

«አለሁ» አለ። «እናትሽም ትጠራኛለች» አለኝ። «ማታ ማታ። በስሜ።»

የስንት ሰው ሐኪም ነኝ እኮ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«መድኃኒት ታዝዢብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»